የሌሊቱ ሠራተኛ ማን ነው? ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከላስታ ተራሮች ሲታይ

በላስታ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲነገር የኖረ አንድ ትውፊት አለ። ቅዱስ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናቱን ከአለት ሲያስፈለፍል፣ ሰዎች ቀን የሠሩትን መላእክት ሌሊት እየመጡ እጥፍ አድርገው ያሳድሩት ነበር ይባላል። ትውፊቱን አንዱ በእምነት ይቀበለዋል፤ ሌላው እንደ ታሪክ ቅርስ ያየዋል። ሁለቱም ግን አንድ ነገር መካድ አይችሉም። ይህ ሕዝብ ሰው ካልሆነ ብርቱ የሥራ ባልደረባ ጎን ቆሞ መሥራት ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ የጀመረው ዛሬ አይደለም።

ዛሬ ሐሳቡ ከትውፊት ወጥቶ ቢሮ ገብቷል። ቻትጂፒቲ የተሰኘው ፕሮግራም በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ፣ ደብዳቤ የሚያረቅ፣ ሕግ የሚያመሳክር፣ የሶፍትዌር ኮድ የሚጽፍና የተማሪን የቤት ሥራ የሚሠራ ማሽን በአዲስ አበባ ባለሙያዎች ጠረጴዛ ላይ የዕለት እንግዳ ሆኗል። በአገራችን ስለ ጉዳዩ የሚደረገው ውይይት ግን ባብዛኛው በሁለት ጥያቄዎች ዙሪያ የታጠረ ነው። አንደኛው “ለልማታችን ምን ይጠቅመናል?” የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው “ሥራችንን ይነጥቀናል ወይ?” የሚል ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ከሁለቱም በፊት መነሳት የነበረበት ሦስተኛ ጥያቄ ግን ተዘሏል። ይኸውም እንዲህ ያለ ነገር አብሮን ሲኖር ማወቅ፣ መሥራት፣ መመስከርና መጠየቅ የሚባሉት ነገሮች ምን ይሆናሉ የሚለው ነው።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ቀላል ነው። ይህን ጥያቄ ለመመርመር የሚያስፈልጉን የሐሳብ መሣሪያዎች ሁሉ ከውጭ የሚገቡ አይደሉም። ከፊሎቹ በላስታና በጎረቤቷ ዋድላ፣ በአብነት ትምህርት ቤቶች ውስጥ ለዘመናት ሲሠራባቸው የኖሩ ናቸው።

ቃሉ ራሱ ጥያቄ ነው

በ2012 ዓ.ም. በማዕከልነት ተቋቁሞ በኋላ ወደ ኢንስቲትዩት ያደገው የመንግሥት ተቋም “አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ” የሚለውን ቃል እንዳለ ወስዶታል። በመገናኛ ብዙኃንና በዕለት ተዕለት ንግግር የገነነው ግን “ሰው ሠራሽ አስተውሎት” የሚለው ነው። ምርጫው እንደዋዛ የሚታለፍ አይደለም። በአማርኛ ብልጥ፣ ብልህ፣ አዋቂና አስተዋይ አንድ አይደሉም። ብልጥ ሰው ሊያታልለን ይችላል። አዋቂ ሰው ብዙ ነገር ይዞ ልቡ ጨካኝ ሊሆን ይችላል። አስተዋይ የምንለው ግን ቆም ብሎ ግራ ቀኙን የሚያየውን፣ የሚናገረው ነገር ማንን እንደሚጠቅምና ማንን እንደሚጎዳ የሚመዝነውን ነው። ስለዚህ ማሽኑን “አስተውሎት” ብለን ስንጠራው፣ ገና ያልተጀመረ ክርክር ላይ ፍርድ ሰጥተናል ማለት ነው።

የዚህ ዓይነቱ ችኩል ፍርድ ምሳሌ አለን። ሶፊያ የተባለችው ሮቦት በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ የዜግነት ክብር ተሰጥቷታል። በዚያው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ አዲስ አበባ መጥታ በቤተ መንግሥት ተስተናግዳለች። በሶፊያ ሶፍትዌር ሥራ ላይ የተሳተፉት የአይኮግ ላብስ ወጣት ኢትዮጵያውያን መሆናቸው በእርግጥ የሚያኮራ ነበር። ነገር ግን በዜናው ውስጥ እነዚያ ወጣቶች ወደኋላ ሲቀሩ፣ ሮቦቷ እንደ እንግዳ ተቆጥራ ፊት ወጣች። አንድን ዕቃ ሰው አድርጎ ማየት ዕቃውን የሠሩትን ሰዎች ለመርሳት ምን ያህል እንደሚያመች ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አይገኝም።

ንባብ ቤትና የቻይንኛው ክፍል

አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ሰርል እ.ኤ.አ. በ1980 አንድ ዝነኛ ምሳሌ አቀረበ። ቻይንኛ የማያውቅ ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ተዘግቶበታል እንበል። በበሩ ሥር በቻይንኛ የተጻፈ ጥያቄ ይገባለታል። ሰውየው በእጁ ባለው የደንብ መጽሐፍ እየተመራ ለየትኛው ምልክት የትኛውን ምልክት እንደሚመልስ ያያል፤ መልሱንም በበሩ ሥር ያወጣል። ውጭ ያለው ጠያቂ ክፍሉ ውስጥ ቻይንኛ አዋቂ አለ ብሎ ያምናል። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ግን አንድም ቃል አልገባውም። ኮምፒውተርም እንዲሁ ነው፤ ምልክት ያገላብጣል እንጂ አይረዳም ይላል ሰርል።

ይህ ምሳሌ በምዕራቡ ዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ለአርባ ዓመታት አከራክሯል። ለላስታ ሰው ግን እንግዳ አይደለም። በአብነት ትምህርት ሥርዓት ሕፃኑ መጀመሪያ የሚገባው ንባብ ቤት ነው። ፊደል ቆጥሮ፣ መልእክተ ዮሐንስን ዘልቆ፣ ዳዊት ይደግማል። አንድ መቶ ሃምሳውን መዝሙር በግዕዝ አንድ ፊደል ሳይስት፣ ተነሽና ወዳቂውን ጠብቆ ያነበንበዋል። የሚያነበው ነገር ምን ማለት እንደሆነ ግን ገና አያውቅም። የግዕዝን ምሥጢር የሚያውቀው ዓመታት ቆይቶ ቅኔ ቤት ሲገባ ነው። ሥርዓቱ ማንበብንና ማወቅን ለሁለት ከፍሎ፣ ለእያንዳንዱ የተለየ ቤትና የተለየ መምህር ሰጥቶታል። አቀላጥፎ ማንበብ የማወቅ ማስረጃ አለመሆኑን የተማረው ሁሉ ያውቀዋል።

ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ሳይንቲስት ዶ/ር ትምኒት ገብሩ እ.ኤ.አ. በ2021 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጽሑፍ የተከራከሩት ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ትላልቅ የቋንቋ ሞዴሎችን ከበቀቀን ጋር አመሳስለዋቸዋል። ሞዴሎቹ የትኛው ቃል ከየትኛው ቃል ቀጥሎ ሊመጣ እንደሚችል ከብዙ ጽሑፍ ቀምረው ይናገራሉ እንጂ፣ የሚናገሩትን አያውቁትም የሚል ነው ነገሩ። ዶ/ር ትምኒት በዚህ ጽሑፍ የተነሳ ከጉግል ጋር ተጋጭተው ከኩባንያው የወጡት ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት በኅዳር 2013 ዓ.ም. ነበር።

ይሁን እንጂ ነገሩ በዚህ አይዘጋም። እ.ኤ.አ. በ2025 የጉግል ዲፕማይንድና የኦፕንኤአይ ሥርዓቶች በዓለም አቀፉ የሒሳብ ኦሊምፒያድ ከቀረቡት 6 ጥያቄዎች 5ቱን ፈትተው የወርቅ ሜዳሊያ ደረጃ ነጥብ አግኝተዋል። እነዚያ ጥያቄዎች ለውድድሩ አዲስ የተዘጋጁ ናቸው፤ የሌላውን መልስ እየደገሙ የሚፈቱ አይደሉም። እዚህ ላይ የቅኔ ቤት ሥርዓትም ለተጠራጣሪው የማይመች ነገር ይነግረዋል። የቅኔ መምህር ተማሪው መረዳቱን የሚያረጋግጠው ልቡን ገልጦ አይደለም፤ ከዚህ በፊት ያልተባለ ቅኔ እንዲያመጣ በማዘዝ ነው። ይህ እንግሊዛዊው አለን ቱሪንግ እ.ኤ.አ. በ1950 “ማሽን ያስባል ወይ?” ለሚለው ጥያቄ ካቀረበው ሐሳብ ጋር ይቀራረባል። መለኪያው ሥራው ነው። እንግዲህ ማሽኑ አዲስ ነገር ካመጣ፣ ንባብ ቤት ነው ብሎ ማባረር አይቻልም ማለት ነው። ታዲያ ልዩነቱ የት ላይ ነው?

ልባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት

በአብነት ትምህርት ያለፈ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ትምህርት አለ። የሰው ነፍስ ልባዊት፣ ነባቢትና ሕያዊት ናት ይላል። የምታስብ፣ የምትናገርና በሕይወት የምትኖር ማለት ነው። እነዚህ ሦስቱ በአንድነት የሚገኙ ናቸው። ስለዚህም ሰው ንግግር ሲሰማ፣ ከንግግሩ ጀርባ የሚያስብ ልብና የሚኖር ሕይወት አለ ብሎ ለመደምደም ተቸግሮ አያውቅም።

የዘመናችን አዲስ ነገር ይህ ድምዳሜ መሰበሩ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ነባቢት ብቻዋን መጥታለች። ልባዊት ናት ወይስ አይደለችም የሚለው ያከራክራል። ሕያዊት ስለመሆኗ ግን እስካሁን ማስረጃ የለንም። አውስትራሊያዊው ፈላስፋ ዴቪድ ቻልመርስ እ.ኤ.አ. በ2023 የዛሬዎቹ የቋንቋ ሞዴሎች ንቃተ ህሊና የመያዛቸው ዕድል አነስተኛ ቢሆንም፣ የሚተኳቸውን ግን በቁም ነገር መመርመር እንደሚገባ ጽፏል። በአንጻሩ ሌላዋ ትውልደ ኢትዮጵያዊት ተመራማሪ ዶ/ር አበባ ብርሃኔ እ.ኤ.አ. በ2020 ከባልደረባቸው ጋር ባቀረቡት ጽሑፍ፣ ስለ ሮቦት መብት መጨነቅ ማሽኖቹ ከሚጎዷቸው ሰዎች ላይ ዓይናችንን የሚያነሳ ቅንጦት ነው ሲሉ ተሟግተዋል።

ሕያዊት መሆን ለዕውቀት ለምን ያስፈልጋል? መልሱን በቆሎ ተማሪው ሕይወት ውስጥ እናገኘዋለን። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ እየታገለ ቁራሽ ለምኖ የሚማር ልጅ ለሚያውቀው ነገር ዋጋ ከፍሏል። ሲሳሳት ያፍራል፤ ሲዋሽ ስሙ ይጠፋል። መምህሩም፣ የሰፈሩ ሰውም የሚያምኑት ሊያጣው የሚችል ነገር ስላለው ነው። “የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም” የሚለው አባባል የሚሠራው አፉ ሲስት የሚያመው ሰው ካለ ብቻ ነው። ማሽኑ ሲሳሳት በትሕትና ይቅርታ ይላል። ሲያፍር ግን አልታየም። ቃል ኪዳን፣ ምስክርነትና ይቅርታ የሚባሉት የሰው ልጅ ትልልቅ ተግባራት የሚቆሙት በነባቢት ብቻ አይደለም።

ሌሊት የሚሠሩት

ወደ መላእክቱ ትውፊት እንመለስ። ሠራተኛውን በተመለከተ ላሊበላ ሁለት ዓይነት ዕጣ ደርሶባታል። የራሷ ትውፊት ረዳቶቹን አመስግኖ፣ ሥራውን ያዘዘውን ንጉሥ ስም በከተማዋ ላይ አኑሯል። የውጭ ጸሐፊዎች ግን ሥራውን ከአገሬው ሰው እጅ ለማውጣት ሲጥሩ ታይተዋል። እንግሊዛዊው ግራሃም ሃንኮክ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ የቴምፕላር ባላባቶች እጅ ሳይኖርበት አልቀረም የሚል መላ ምት አስፍሯል። ለዚህ የሚሆን የአርኪዮሎጂ ማስረጃ አልተገኘም። ዋሻ ውስጥ የቆመውን ይምርሐነ ክርስቶስን ያየ ሰው፣ ላስታ ከላሊበላም በፊት የራሷ የሕንጻ ጥበብ እንደነበራት ይረዳል።

በዘመናችን ማሽን ላይም የሚታየው ይኸው ነው። ተጠቃሚው ሌሊት ሥራውን የሚጨርስለት መልአክ መሰል ረዳት እንዳለው ይሰማዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የአሜሪካው ታይም መጽሔት በጥር 2015 ዓ.ም. እንደዘገበው፣ ቻትጂፒቲ አስጸያፊ ነገር እንዳይናገር ለማሠልጠን የግድያና የጥቃት ጽሑፎችን እያነበቡ ሲለዩ የነበሩት ናይሮቢ ውስጥ በሰዓት ከ2 ዶላር በታች ይከፈላቸው የነበሩ ኬንያውያን ናቸው። ከእነሱ በተጨማሪ መጽሐፋቸውና ጽሑፋቸው ሳይጠየቁ የተወሰደባቸው ደራስያንና ጋዜጠኞች አሉ። ኒውዮርክ ታይምስ ኦፕንኤአይንና ማይክሮሶፍትን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 የከሰሰው በዚሁ ምክንያት ነበር። የሌሊቱ ሠራተኛ መልአክ አይደለም። ስሙ ያልተጠራ፣ ደመወዙ ያልተመጠነ ሰው ነው።

ማን ይመስክር?

ሦስተኛው ጉዳይ ምስክርነት ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ መቼ ተሠሩ? ትውፊቱ ሁሉንም ለንጉሥ ላሊበላ ዘመን ይሰጣል፤ ይህም ወደ 12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና ወደ 13ኛው መጀመሪያ የሚወድቅ ነው። እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ዴቪድ ፊሊፕሰን ከፊሎቹ በ7ኛውና በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ የተጀመሩ ናቸው ይላሉ። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ቡድንም እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመው ጥናት፣ ከአለቱ ተፈልፍሎ የወጣውን ፍርስራሽ ጭምር በመመርመር ሥራው በየደረጃው በረጅም ጊዜ የተከናወነ መሆኑን አመልክቷል።

ይህን ጥያቄ ለማሽኑ ብናቀርብለት የምናገኘው መልስ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የሚያንጸባርቅ ነው። ምክንያቱ ክፋት አይደለም። ማሽኑ የሚያውቀው በብዛት የተጻፈውን ነው፤ በኢንተርኔት ላይ ያለው የአማርኛ ጽሑፍ ደግሞ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። ግዕዙ ከዚያም ያነሰ ነው። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሱት፣ ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡላቸው በሺሕ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት ምስላቸው ሚኒሶታ ይገኛል። በቃል ብቻ የሚተላለፈው የላስታ ሽማግሌ ዕውቀት ግን ጭራሹን አልተጻፈም። የአስጎብኚው ጉዳይም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ላሊበላ በኮሮና፣ ከዚያም በጦርነት እንግዳ የራቃት ከተማ ናት። ነገ ቱሪስቱ ሲመለስ በስልኩ ውስጥ ተራኪ ይዞ ከመጣ፣ አገሬው ገቢ ብቻ ሳይሆን ስለራሱ የመናገር ቦታውንም ሊያጣ ይችላል።

እዚህ ላይ የአንድምታ ትርጓሜ ሥርዓት ለመላው ዓለም የሚሆን ትምህርት አለው። የአንድምታ መምህር አንዱን ንባብ በብዙ መንገድ ይተረጉማል። “አንድም” እያለ ሲቀጥል የፊተኛውን ሳይሰርዝ የኋለኛውን ያክላል። የዛሬው ማሽን ግን ተለያይተው መቆም ያለባቸውን ምስክሮች አቅልጦ አንድ ለስላሳ አንቀጽ የማድረግ ዝንባሌ አለው። ሽማግሌው ያለው፣ ፊሊፕሰን ያሉት፣ ፈረንሳዮቹ ያሉት የቱ እንደሆነ አይለይም። ከማሽኑ “አንድም” እንዲል መጠየቅ፣ ማለትም ማን ምን እንዳለ ለይቶ እንዲያቀርብ ማስገደድ፣ ቅንጦት ሳይሆን የዕውቀት ሥነ ምግባር ነው።

ማን ይጠየቅ?

የመጨረሻው ጥያቄ በአማራ ክልል በደም የተጻፈ ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ አንድ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር፣ ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ከጥላቻ ቃል ጋር በፌስቡክ ከተሰራጨ በኋላ በቤታቸው ደጃፍ ተገድለዋል። ልጃቸው ከሌሎች ከሳሾች ጋር በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሜታን ከሰሰ። የክሱ ፍሬ ነገር የኩባንያው አልጎሪዝም ጥላቻን እየመረጠ አራግቧል የሚል ነው። ኩባንያው ጥላቻንና የዓመፅ ቅስቀሳን እንደሚከለክል፣ ለቁጥጥርም ብዙ ወጪ እንደሚያደርግ ገልጾ ይከራከራል። ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወስኗል።

የጉዳዩ ፍልስፍናዊ ክብደት ከገንዘቡ ይበልጣል። ገዳይ አለ፤ ጽሑፉን የለጠፈ ሰው አለ። በመካከል ግን “ይህን ለብዙ ሰው አሳይ” ብሎ የመረጠ፣ ስም የሌለው ስሌት አለ። ስሌቱ አይታሰርም፣ አይጸጸትም። “ማሽኑ ነው የመረጠው” የሚለው መልስ ከተለመደ ነገ ብድር የከለከለው፣ ከእርዳታ መዝገብ ስም የሰረዘው፣ በጦር ሜዳም ዒላማ የለየው ሁሉ ኃላፊነቱን ለማሽኑ አሸክሞ ሊሄድ ነው።

የኃላፊነት ጥያቄ በሌላ በኩልም ይመጣል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። ዓለም ስለ አዲሱ ማሽን ተአምር ሲያወራ፣ የላሊበላ ተማሪ ፍለጋ ገጽ እንኳን መክፈት አይችልም ነበር። “አብሮ መኖር” ስንል ከማን ጋር ነው? አንዱ በማሽኑ ይገለገላል፤ ሌላው ማሽኑ ስለሱ ሲናገር መስማት እንኳን ተከልክሏል።

የዋድላ ትምህርት

ዋድላ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ከታላላቆቹ የቅኔ ቤቶች አንዱ መገኛ ናት። ቅኔ መቀኘትን አበው “ዘረፋ” ይሉታል። የሌላውን ቅኔ ደግሞ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ግን ነውር ነው። ቅኔ ለዕለቱ፣ ለበዓሉ፣ ለቦታው ተቆጥሮ ይነገራልና። ጀማሪው ሁለት ቤት ባላት ጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት ያለው መወድስ እስኪደርስ ድረስ ብቻውን ሜዳ ወጥቶ ይቆጥራል፤ አምጥቶም ለመምህሩ ነግሮ ይታረማል። ሥርዓቱ ይህን ሁሉ ድካም የሚጠይቀው ዓለም የቅኔ እጥረት ስላለባት አይደለም። የሚፈለገው ቅኔውን የቆጠረው ሰው ነው።

ማሽን አንድ ቀን ደህና ጉባኤ ቃና ሊገጥም ይችላል። ይህ አያስደነግጥም፤ የሚያስደነግጠው እኛ መቁጠር ያቆምን እንደሆነ ነው። ፍርዱን ሳይጽፍ ዳኛ የሆነ፣ በሽተኛውን ሳይመረምር ሐኪም የሆነ፣ ሳያነብ መምህር የሆነ ትውልድ ሲመጣ ማሽኑ ሲስት የሚያርመው ሰው አይኖርም። በሰኔ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ብሔራዊ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ፖሊሲ አጽድቋል፤ በዚያው ዓመት የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅም ወጥቷል። ሕግ መኖሩ መልካም ነው። ነገር ግን ሕጉ ሊተካቸው የማይችል ሦስት ልማዶች ከእያንዳንዱ ባለሙያ ይጠበቃሉ። አንደኛ፣ ማሽኑ ባረቀቀው ነገር ሥር የሚፈርም ሰው ነገሩን መርምሮ “እኔ እጠየቅበታለሁ” ብሎ ይፈርም። ሁለተኛ፣ ምስክሮቹን ለይቶ ያስቀምጥ። ሦስተኛ፣ ጀማሪዎች በራሳቸው እጅ ቆጥረው የሚታረሙበት ቦታ በየሙያው ይጠበቅ።

የላስታ ትውፊት መላእክቱ ሌሊት ሠሩ ሲል ሰዎቹ ቀን ተኙ አላለም። ሲነጋ መጥረቢያቸውን አንስተው ወደ አለቱ ይመለሱ ነበር። እጥፍ የሚሆነው ቀን የተሠራው ነው፤ ቀን ምንም ካልተሠራ እጥፉም ምንም ነው።